ባሕር የማያሳየው ቤት

እትዬን የማስታምምበት ቤት ሮም፣ ከፒያሳ ቪቶሪዮ ጀርባ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ሊፍት የለውም። መጀመሪያ ስገባ ሲኞራ ብዬ ጠርቻቸው ነበር። «ሲኞራ የሚለኝ ሥጋ ሻጩ ነው፤ አንቺ እንደ አገርሽ ጥሪኝ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ እትዬ ሆኑ። አባታቸው ጣሊያን፣ እናታቸው የአዲስ አበባ ሴት ነበሩ። ተወልደው ያደጉት ካዛንቺስ ነው፤ ሮም የገቡት ትልቅ ሴት ከሆኑ በኋላ ነው። አማርኛቸው የእናታቸው አማርኛ ስለሆነ እኔ ካገሬ ሽማግሌዎች በቀር ከማንም ያልሰማኋቸው ቃላት ይወጡበታል። በገበያና በስልክ ጣሊያንኛ ይናገራሉ። እኔን በአማርኛ የሚያናግሩኝ ሲቆጡኝና ሲያቆላምጡኝ ነው፤ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ በአማርኛ ነበር የምንነጋገረው ማለት ይቻላል።

በዚያ ዓመት የመኸሩ ዝናብ ገና ሲጀምር ሳንባቸው ታመመ። ሦስት ሳምንት ሆስፒታል ተኙ። ሲወጡ ሐኪሙ የብርዱን ወራት ሮም ውስጥ፣ በመኪና ጭስ መሐል፣ በዚያ ሁሉ ደረጃ ላይ ማሳለፍ የለባቸውም አለ። ባሕር አጠገብ ይሂዱ፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይራመዱ፣ የሚያድሩበት ቤት ደረቅ ይሁን አለ።

እትዬ ያላቸው አንድ ልጅ ብቻ ነው። ቶሪኖ ይኖራል፤ ሥራ የበዛበት ሰው ነው፤ አማርኛ አያውቅም። እሱ ያሰበው ሌላ ነበር። ከቤቱ አጠገብ አንድ የአረጋውያን ማረፊያ ውስጥ አልጋ ይዞላቸዋል። ክፉ ሰው አልነበረም። በየምሽቱ ይደውላል፤ «እማዬ፣ እዚህ ሙቀት አለ፣ ነርስ አለ፣ እኔም በየቀኑ አይሻለሁ» ይላቸዋል። ብዙ ከተጨቃጨቁ በኋላ እንዲህ ተስማሙ፦ እስከ ወሩ መጨረሻ ባሕር አጠገብ ደህና ቤት ከተገኘ ብርዱ እስኪያልፍ እዚያ ከኔ ጋር ይቀመጣሉ፤ ካልተገኘ ቶሪኖ ይሄዳሉ።

«ቤቱን ማን ይፈልጋል?» አላቸው።

«ልጅቱ» አሉ እትዬ። «ሐሙስ ሐሙስ ዕረፍት አላት።»

እኔ ሳህን እያጠብኩ ነበር። እጄ ውሃው ውስጥ ቀረ። ስልኩን ዘግተው ግድግዳውን እየተደገፉ ወደ ወጥ ቤት መጡ።

«ምነው ክው አልሽ? ቤት ፈልጊ አልኩሽ እንጂ ባል ፈልጊ አላልኩሽ!»

«እትዬ፣ እኔ እኮ ሰው መጠየቅ አልችልም። ሌላ ሰው ቢሆን…»

«ሌላ ሰው የለኝም።» ወንበር ስበው ተቀመጡ። ሲቀመጡ ደረታቸው ያፏጫል። «ስሚኝ ልጄ። እዚያ ከገባሁ አልወጣም። አሁን ለብርዱ ወራት ይለኛል፤ ከዚያ እስከ ፋሲካ ይላል፤ ከዚያ ይህን ቤት ያከራየዋል። በእግሬ እገባለሁ፣ በእግሬ አልወጣም። ገባሽ?»

«ገባኝ» አልኩ።

የእውነቴን ነው፤ ሰው መጠየቅ ይከብደኛል። ሮም አራት ዓመት ስኖር መንገድ ጠይቄ አላውቅም፤ ጠፍቼ ጠፍቼ ነው የማገኘው። ፔርሜሶዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ላሳድስ ስሄድ እንኳ የምናገረውን ሌሊቱን ስለማመድ አድሬ፣ መስኮቱ ጋ ስደርስ ወረቀቱን ገፍቼ ዝም እላለሁ። አሁን ግን የአንድ ሰው የብርድ ወራት፣ ምናልባትም ቀሪ ዕድሜ በኔ አፍ ላይ ተንጠለጠለ።

የሚፈልጉትን ነገሩኝ። ጸጥ ያለ ይሁን፣ የሞተ ግን አይሁን። ዳገት አይኑረው። ዳቦ በእግሬ ሄጄ ልግዛ። ሰው ሲያልፍ ልይ፤ ሰውም ሲያልፍ ይየኝ። «የበጋው ጫጫታ ካለፈ በኋላ ያለው ባሕር የሽማግሌ ነው» ይሉ ነበር። «ማንም አይቸኩልም። ባሕሩም አይቸኩልም።»

የመጀመሪያው ሐሙስ ምሳቸውን አብልቼ፣ ጎረቤታችን እንድታያቸው ነግሬ፣ ጓደኛዬን ይዤ ሳንታ ማሪኔላ የምትባል የባሕር ከተማ ሄድኩ። ጓደኛዬ ያደገችው ደሴ ነው፤ ሦስት ልጆች ያሉት ቤተሰብ ጋ ትሠራለች፤ አፏ አያርፍም። «ሐሙሴን በላሽብኝ» እያለች ባቡሩ ላይ ወጣች። እኛ በሰው ቤት እያደርን የምንሠራ ሴቶች ከእሑድ ሌላ ያለችን ያቺ የሐሙስ ግማሽ ቀን ናት፤ ሁልጊዜ የምናሳልፋት ተርሚኒ ባቡር ጣቢያና ፒያሳ ቪቶሪዮ አካባቢ ከሰዎቻችን ጋር ስናወራ ነው።

ከጣቢያው ወጥተን ወደ ባሕሩ ወረድን። ባሕሩ ያምራል። ግን ሰው የሚባል የለም። የዋና ልብስ መቀየሪያ ጎጆዎቹ ተቆልፈዋል፤ የቤቶቹ መስኮቶች ተከድነዋል፤ ሱቆቹ የብረት መዝጊያቸውን አውርደዋል። ጫማችን አስፋልቱ ላይ ሲያንኳኳ ይሰማናል።

«ሰዎቹ የት ሄዱ?» አልኳት።

«ወደ ሰማይ» አለች። «እትዬን እዚህ ብታመጫቸው፣ አንድ ነገር ቢሆኑ እንኳ አብሮሽ የሚያለቅስ አታገኚም።»

«ኧረ አታሟርቺ!»

«ሟርት አይደለም፣ አሎራ፣ እስቲ ራስሽ ቁጠሪ! አንቺ፣ እኔና ያ ድመት። ድመቱም ሊሄድ ነው።»

በሁለተኛው ሐሙስ ላዲስፖሊ ሄድን። እዚያ አሸዋው ጥቁር ነው። ጓደኛዬ በእጇ ዘግና አየችው። «ይሄ አሸዋ ነው የከሰል ትራፊ? እንዲህ ያለውንማ ደሴ እያለሁ በቁና ነው የምሸጠው» አለች። ከተማው ግን ሜዳ ነው፣ ዳገት የለውም፤ ልቤ ደስ ብሎት ነበር። ዳቦ ቤት አገኘሁ፤ ዝግ። ፍራፍሬ ቤት፤ ዝግ። አንድ ቡና ቤት በሩ ገርበብ ብሏል፤ ውስጡ አንድ ሰውዬ ወንበሮቹን ጠረጴዛ ላይ ገልብጦ ወለል ይወለውላል። እንጠይቀው ስላት «አንቺ ነሽ ቤት ፈላጊ፣ አንቺ ጠይቂ» አለችኝ። በሩ ላይ ቆሜ ቆሜ ተመለስኩ።

በሦስተኛው ሐሙስ ኔቱኖ ብቻዬን ሄድኩ። ኔቱኖን የመረጥኩት ባቡሩ እዚያ ስለሚያልቅ ነው፤ የት ልውረድ የሚል ጭንቀት የለም። ከጣቢያው እስከ ባሕሩ ትንሽ መንገድ ነው። አሮጌ ግንብ አለ፤ ጀልባዎች የታሰሩበት ወደብ አለ። እዚህስ እንዴት ሰው ይጠፋል ብዬ መንገዱን ሁለት ጊዜ ተመላለስኩበት። ሁሉም ዝግ። አንዲት አሮጊት መስኮት ላይ ብቅ አሉ። ቀና ብዬ አየኋቸው፤ አዩኝ። «ይቅርታ ሲኞራ» ለማለት አፌን ስከፍት መስኮቱን ከደኑት። ምናልባት ትንሽ ቀደም ብዬ ብናገር ይመልሱልኝ ነበር።

ማታ ልጃቸው ሲደውል እትዬ ስልኩን ለኔ ሰጡኝ። በተሰባበረ ጣሊያንኛዬ ሦስት ቦታ አየሁ፣ ሦስቱም ባዶ ናቸው፣ ሰው የለም፣ ዳቦ የለም አልኩት።

«ቫ ቤኔ፣ እሺ» አለ በለስላሳ ድምፅ። «የምትችይውን አድርገሻል። ሰኞ ደውዬ አልጋውን አረጋግጣለሁ።»

እትዬ ስልኩን ተቀብለው ዘጉት። እራታቸውንም አልበሉም፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኙ። እኔ የነገርኩት ቃል ነው ወደ ቶሪኖ የሚሰዳቸው። ክፉ ነገር የሠራሁ ያህል በቤቱ ውስጥ በእግር ጣቶቼ ነበር የምሄደው።

በማግሥቱ ጠዋት ሻይ ሳቀርብላቸው ድንገት ጠየቁኝ።

«ኔቱኖ ዳቦ ቤት አለ?»

«አለ፤ ዝግ ነው።»

«ለዘለዓለም ዝግ ነው፣ ወይስ ዝግ ሆኖ አገኘሽው?»

«መዝጊያው ወርዷል።»

«ላዲስፖሊስ የሄድሽው መቼ ነው?»

«ያለፈው ሳምንት ሐሙስ።»

«ሳንታ ማሪኔላ?»

«ከዚያ በፊት ያለው ሐሙስ።»

«ሁሉንም ምሳዬን አብልተሽኝ?»

«አዎ እትዬ።»

ብርጭቆውን አስቀመጡ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ሊያለቅሱ መስሎኝ ነበር። ሳቅ ነው። ሳቁ ሳል ሆነ፣ ሳሉ ተመልሶ ሳቅ ሆነ፤ ጀርባቸውን እየመታሁ ምን እንዳጠፋሁ አላውቅም።

«አይ አንቺ ልጅ! ሐሙስ ከሰዓት! በዚህ አገር የምግብ ሱቅ ሐሙስ ከሰዓት እኮ ዝግ ነው! ከምሳ በኋላ ደግሞ እንኳን ኔቱኖ፣ ጳጳሱም ይተኛል! ሰው ሁሉ በተኛበት ሰዓት እየሄድሽ ነው የሞተ ከተማ አየሁ የምትይኝ?»

«እኔ እኮ ከእሑድ ቤተ ክርስቲያን በቀር ሌላ ዕረፍት የለኝም» አልኩ።

ሳቃቸው ቆመ። እጄን ያዙ። «እውነትሽን ነው» አሉ። «የሰጠንሽ የተዘጋውን ሰዓት ነው።»

አራት ዓመት ሮም ኖሬ ይህን አለማወቄ ኋላ ብዙ ሰው አስቋል። ግን የኔ ሐሙስ ሁልጊዜ ፒያሳ ቪቶሪዮ ነበር፤ እዚያ የቤንጋሊዎቹና የቻይኖቹ ሱቆች አይዘጉም። ጓደኛዬም አላወቀችም። ስነግራት «ታዲያ ያ ድመት ምን ሊሠራ መጣ?» ብላ ነው የመለሰችልኝ።

«ማክሰኞ ጠዋት ኔቱኖ እንሄዳለን» አሉ እትዬ። «እኔና አንቺ። ልጄን የሰኞውን ስልክ ጥቂት ቀን እንዲያቆይልኝ እለምነዋለሁ፤ መሄዴን ግን እንዳትነግሪው።»

ከሆስፒታል ከተመለሱ ጀምሮ ደረጃውን አልወረዱትም። ማክሰኞ ጠዋት ወፍራሙን ካፖርታቸውን አልብሼ፣ በአንድ እጄ እሳቸውን፣ በሌላው የሚታጠፍ ወንበር ይዤ ወጣን። በየፎቁ ወንበሩን ዘርግቼ አስቀምጣቸዋለሁ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሊፕስቲካቸውን አውጥተው ያለ መስታወት ተቀቡ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ በራቸውን የከፈቱ ጎረቤት «ሲኞራ፣ ወዴት ነው?» ሲሏቸው «ወደ ባሕር» አሉ፤ ከደረጃው በታች ያለ ይመስል። ታች ስንደርስ ላብ አጥምቋቸዋል፤ ግን ፊታቸው በርቷል። በታክሲ ተርሚኒ ሄድን፤ ባቡሩ ላይ መስኮት አጠገብ ተቀምጠው እስከ መጨረሻው ዓይናቸውን ከውጭ አልነቀሉም።

ኔቱኖ ስንወርድ ሌላ ከተማ የመጣን መሰለኝ። ያው መንገድ ነው፤ ያው ግንብ ነው። ግን ሴቶች ዘንቢል በሚጎተት ጋሪ ይዘው ይወጣሉ ይወርዳሉ፤ ፍራፍሬ ሻጩ ይጮሃል፤ ከቡና ቤቱ በር ላይ አራት ሽማግሌዎች ካፖርታቸውን እንደለበሱ ካርታ ይጫወታሉ፤ ወደብ ላይ ዓሣ ከጀልባ እየወረደ ነው። ዳቦ ቤቱ እንኳን ዝግ ሊሆን ሰልፉ በር ላይ ደርሷል። ያን ዕለት መስኮቱን የከደኑት አሮጊት ሰልፉ ውስጥ ነበሩ። አላወቁኝም፤ እኔ ግን በኀፍረት አንገቴን ደፋሁ።

«ይሄ ነው የሞተው?» አሉ እትዬ በጎኔ ጎሸም አድርገው። «እኔም እንዲህ ልሙት!»

ዳቦ ቤቱ በር ላይ የቤት ኪራይ ማስታወቂያ ተለጥፏል። እትዬ ወደኔ አዩ። ይናገሩልኛል ብዬ ጠበቅሁ። አግዳሚ ላይ ቁጭ ብለው ዓይናቸውን ወደ ጀልባዎቹ አዞሩ። ገብቼ ለሻጯ «ቤት» አልኩ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ጣሊያንኛ ጠፋኝ። እሷ ግን ዳቦውን ጥላ ወጥታ በጩኸት አንዲት ሴት ጠራችልኝ። እንዲህ ቀላል ነበር።

አከራይዋ ትልቅ የቁልፍ ዘለላ የያዘች፣ ፈጣን ሴት ነበረች። ሁለት ቤት ባዶ አለኝ አለች። መጀመሪያ የወሰደችን ባሕሩ ፊት ለፊት ወዳለው ነው። የሚወጣው አሥር ደረጃ ብቻ ነው። በሩን ስትከፍተው ባሕሩ ክፍሉ ውስጥ ያለ ይመስላል። እትዬ ቀጥ ብለው ወደ በረንዳው ሄዱ፤ የብረቱን መደገፊያ በሁለት እጃቸው ያዙ። ነፋሱ ጸጉራቸውን ይበትነዋል። ከታመሙ ጀምሮ እንደዚያ ዓይነት ፊት አይቼባቸው አላውቅም።

እኔ ውስጥ ቀረሁ። ሥራዬ ቤት ነው፤ ቤት እንዴት እንደሚታይ አውቃለሁ። ከአልጋው ራስጌ ያለውን ግድግዳ በመዳፌ ዳሰስኩት፤ ውሃ አዝሏል። ቁም ሳጥኑን ከፍቼ አሸተትኩ፤ ሻገተ ሻገተ ይላል። ፍራሹን ሳነሳው ሥሩ ጥቁር ጥቁር ነጠብጣብ ነው። ቴርሞሲፎን ፈለግሁ፤ የክፍል ማሞቂያ የሚባል የለም። ለዋናተኛ የተሠራ ቤት ነው፤ ሙቀት የሚሰጠው የነሐሴ ፀሐይ ብቻ ነው። አከራይዋ ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ አመጣላችኋለሁ አለች።

«እዚህ ነው» አሉ እትዬ ከበረንዳው። «አለቀ!»

«አይሆንም እትዬ» አልኩ።

ዞሩ። «ምን አልሽ?»

«አይሆንም። ግድግዳው ውሃ ይዟል።»

«እኔ ግድግዳውን አይደለም የማየው፣ ባሕሩን ነው።»

«የሚያዩትስ ባሕሩን ነው፤ ተኝተው የሚተነፍሱት ግን ግድግዳውን ነው።»

አከራይዋ አማርኛ ባትሰማም አንዴ እኔን አንዴ እሳቸውን ታያለች። እትዬ ቀይ ሆኑ።

«የቤቱ እመቤት ማን ናት?»

«እርስዎ ነዎት።»

«እንግዲያስ?»

«እዚህ ከገቡ እኔ አልመጣም።»

ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ግን ሆስፒታል ሳስታምማቸው የሰማሁት ያ ሳል ጆሮዬ ውስጥ ነው። ከዚያ ቤት አንድ ወር ቢያድሩ ሳሉ ይመለሳል፤ ሳሉ ከተመለሰ ቶሪኖ መሄዳቸው አይቀርም።

እትዬ ቦርሳቸውን አነሱ። ከዚያ የደነገጥኩት ሳይጮሁብኝ ስለቀሩ ነው። በጣሊያንኛ፣ ለሥጋ ሻጩ በሚናገሩበት ድምፅ፣ «እንዳልሽው ሲኞሪና፤ ሌላውን እንይ» አሉኝ።

ሌላው ቤት ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ባለች ጠባብ መንገድ ላይ ነው፤ ምድር ቤት። አከራይዋ እናቷ እስኪሞቱ ድረስ እዚያ እንደኖሩ ነገረችን። መስኮቱ የሚያሳየው የጎረቤትን የልብስ ገመድ ነው። ባሕር የለም። ግን ቴርሞሲፎን አለ፤ ቁም ሳጥኑ የሚሸተው ሳሙና ብቻ ነው። የመኝታ ቤቱን ግድግዳ ስዳስሰው እጄን መለስኩት፤ ይሞቃል። የዳቦ ቤቱ ምድጃ በወዲያ በኩል ነው።

እትዬ በር ላይ ቆመዋል፤ መግባት አልፈለጉም። ሄጄ እጃቸውን ያዝኩ፣ ጓንታቸውን አወለቅሁ፣ መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አኖርኩት። ይጎትቱታል ብዬ ነበር። አልጎተቱትም። ብዙ ቆዩ። ከዚያ አከራይዋን በጣሊያንኛ «ዳቦው የሚወጣው በስንት ሰዓት ነው?» ብለው ጠየቋት። እኔን ግን እስከ ሮም ድረስ በአማርኛ አላናገሩኝም።

ማታ ልጃቸው ሲደውል አንስተው ስልኩን ለኔ ሰጡኝ። መሄዳችንን ነገርኩት። መጀመሪያ ተቆጣ፤ በደረጃው እንዴት ታወርጃታለሽ አለኝ። አስጨርሼው ስለ ሁለቱ ቤቶች ነገርኩት።

«እናቴ የቱን ፈለገች?»

«ባሕር የሚያሳየውን።»

«አንቺስ?»

«ሌላኛውን።»

«ለምን?»

«ሲያስላቸው ሌሊት አጠገባቸው የነበርኩት እኔ ነኝ» አልኩት። በጣሊያንኛ ትክክል ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ገብቶታል።

«የሞቀውን ያዙ» አለ በመጨረሻ። «አልጋውን ግን አልለቅም። ብርዱ ሲጠነክር መጥቼ አያታለሁ፤ ካልተሻላት ይዣት እሄዳለሁ።»

ኔቱኖ ከገባን በኋላም እትዬ በጣሊያንኛ ቀጠሉ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከአልጋቸው ሆነው ጠሩኝ። ጀርባቸውን በትራስ ፈንታ ግድግዳው ላይ አስደግፈው ተቀምጠዋል።

«አንቺ ግትር!» አሉኝ በአማርኛ። «ነይ ዳቦ ግዢ፣ ሽታው ሊገድለኝ ነው።»

ያን ጊዜ ነው ዕቃችንን ከሻንጣ አውጥቼ የጨረስኩት።

የብርዱ ወራት ቀስ ብሎ ሄደ። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ወደ ባሕሩ እንሄዳለን። መጀመሪያ ሁለት ጊዜ እያረፍን፣ ኋላ አንድ ጊዜ፣ ከገና በኋላ ሳናርፍ። ነፋስ የማይነካው አግዳሚ አገኘን፤ ግንቡ ይከልለዋል። እትዬ ከዓሣ አጥማጆቹ ጋር ስለ አየሩ ይከራከራሉ፤ ባሕሩ ሲናወጥ «አትሂዱ አላልኳችሁም!» ይሏቸዋል፤ እነሱም «ሻለቃ» ብለው ስም አወጡላቸው። እኔም ሳላውቀው መናገር ጀመርኩ። ዳቦ ቤት ውስጥ ተራዬን ሲቀሙኝ «እኔ ነኝ» እላለሁ። ሰልፉ ውስጥ የምናገኛቸውን አሮጊት ሰላም እላቸዋለሁ። እሑድ በባቡር ሮም ሄጄ ቤተ ክርስቲያን ስሜ እመለሳለሁ፤ ሐሙስ ከሰዓት ግን የትም አልሄድም። ጓደኛዬ አንዴ ልትጠይቀን መጥታ መንገዱ ሁሉ ተዘግቶ ስታገኘው «ዛሬም አልነቁም?» ብላ እትዬን በሳቅ ገደለቻቸው።

ሳሉ ግን ስጋቴ ነበር። እየቀለለ ሄደ፤ ቢሆንም አንዳንድ ጠዋት ብቅ ይላል። ብቅ ባለ ቁጥር ምን እንደምናስብ ሁለታችንም እናውቃለን።

ልጃቸው የመጣው በየካቲት፣ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ደውሎ ነበር፤ እትዬ ከሌሊቱ ጀምረው ለብሰው ጨርሰዋል። ቤቱን ሲያየው መስኮቱ ጋ ሄዶ የጎረቤቱን የተሰጡ አንሶላዎች አየ። ከዚያ እናቱን ይዞ ወጣ። እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ ቀረሁ። የት ድረስ ሄደው ይሆን፣ ደከሙ ይሆን፣ ነፋሱ መትቷቸው አስሏቸው ይሆን እያልኩ ሽንኩርቱን ከሚያስፈልገው በላይ አደቀቅኩት።

ሲመለሱ እትዬ ቀድመው ገቡ፤ ልጃቸው ከኋላ ነው፤ የሚያለከልከው እሱ ነበር። ምሳ ሰጠኋቸው። እሱ ትንሽ በልቶ ሹካውን አኖረ፤ እናቱን ሳይሆን ጠረጴዛውን እያየ መናገር ጀመረ። በየምሽቱ በስልክ ትንፋሽሽ ሲሻሻል ሰምቼ፣ ቶሪኖ ላለው ማረፊያ ሐሙስ ለት ደውያለሁ አለ። በወረፋ የሚጠብቁ ብዙ ሰዎች አሉ አለ። አልጋውን ለሌላ ሰው ስጡ ብያቸዋለሁ፤ ብርዱ ሲያልፍ ወደ ቤትሽ ትመለሻለሽ፣ ልጅቱም አብራሽ ትሆናለች፤ በየዓመቱ ብርዱን እዚህ ታሳልፊያለሽ አለ።

እትዬ እጃቸው ዳቦው ላይ እንዳለ ቀረ። ጣሊያንኛ ከማንም በላይ ያውቃሉ። ግን ወደኔ ዞረው፣ ቀስ ብለው፣ እሱ በማያውቀው ቋንቋ፣

«ልጄ፣ ደግመሽ ጠይቂልኝ እስቲ» አሉኝ። «በደንብ የሰማሁ አልመሰለኝም።»

ጮክ ብዬ ጠየቅሁት። አልጋውን ለቀቅከው ወይ? አልኩት።

ለቀቅኩት፣ አለ።

«ለቀቅኩት ይላል እትዬ» አልኳቸው።

«እሺ» አሉ። «አንድ ጊዜ ደግሞ ጠይቂው።»